በይሉኝታ የተገዛው ኮምፒውተር

እምቢ ማለት አልችልም። ይህን የምለው እንደ መልካም ጠባይ ቆጥሬው አይደለም፤ ሰው ስለ ወገቡ ሕመም እንደሚናገረው ነው የምናገረው። ሐይቅ ከተማ ውስጥ «እንዳለ ቪዲዮ» ቢባል የማያውቀኝ የለም። ሰርግ እቀርጻለሁ፣ ኒካህ እቀርጻለሁ፣ ክርስትናና ምረቃም አይቀረኝም። ከሚያውቁኝ ሰዎች እኩሌቶቹ ግን የሚያውቁኝ በካሜራዬ ሳይሆን በዚሁ በሽታዬ ነው። አንድ ጥር ላይ አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ያለ ሰርግ ልቀርጽ ተዋዋልኩ። ሙሽራው በዋዜማው መጥቶ «ሚዜ ጎደለብኝ» ሲለኝ እሱንም እሺ አልኩ። በአንድ እጄ ካሜራ፣ በሌላው ጃንጥላ ይዤ፣ ከሚዜዎቹ ጋር እየጨፈርኩ ሙሽራዋን አመጣን። ቪዲዮው ላይ በብዛት የሚታየው የሚዘል ሰማይ ነው።

ያንን ቪዲዮ ከውርደት ያዳነችው ባለቤቴ ለተብርሃን ናት። እኔ እቀርጻለሁ፣ እሷ ኤዲት ታደርጋለች። የምንሠራው ከመንገዱ ዳር ባለችው አንድ ክፍል ሱቃችን ውስጥ ነው። ሰው ሁሉ «እንዳለ እጁ ወርቅ ነው» ይለኛል፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ እቀበላለሁ። እውነቱን ከተናገርን ወርቁ ያለው በለተ እጅ ነው። እኔ የማመጣላት የሰው ጀርባ፣ የተቆረጠ ራስና የድንኳን ምሰሶ ነው፤ እሷ ከዚያ ውስጥ ሰርግ ታወጣለች።

አንድ ጊዜ ውጫሌ አካባቢ የአንድ ገበሬ ልጅ ሰርግ ቀርጬ ተመለስኩ። ምሳ ስበላ ካሜራውን ማጥፋት ረስቼ ወንበር ላይ አስቀምጬው ኖሮ፣ እኔ ሥጋ ሳሳድድ እሱ ብቻውን ሲቀርጽ ቆይቷል። የሙሽራዋ አባት ከሰው ተለይተው ከድንኳኑ ኋላ ቆመው በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ ይታያሉ። እኔ ልሰርዘው ስል ለተ እጄን ያዘችኝ። ከሥሩ ማሲንቆ መቺው የተጫወተውን አምባሰል ዜማ አስገባችበትና የቪዲዮው መጨረሻ አደረገችው። ያንን ያየ ሁሉ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ከዚያም «እንዴት አድርገህ ቀረጽካት?» ሲሉኝ «ሙያ ነው» አልኩ።

ነገሩ የጀመረው ከዚህ ቪዲዮ ነው። ደሴ ላይ ትልቅ ስቱዲዮ ያላት መስኡዳ የምትባል ሴት ቪዲዮውን ከሰው ስልክ ላይ አየችና ኤዲት ያደረገውን ሰው አፈላልጋ ደወለች። ጥር ሲገባ ሰርጉ ስለሚበዛባት የሚረዳት ሰው ትፈልጋለች። ለለተ ሁለት ምርጫ ሰጠቻት። ጠንካራ ኮምፒውተር ካላት ሥራውን ወደ ሐይቅ ትልክላታለች፤ ከሌላት ደግሞ ደሴ መጥታ፣ ቤት ተከራይታ፣ ከስቱዲዮው ትሠራለች።

ለተ ስልኩን ዘግታ «ምን ትላለህ?» አለችኝ።

«አትሂጂ» የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እሷ ሄዳ እኔ በዚያች ክፍል ብቻዬን ስቀመጥ ታየኝ። ግን «ሚስቱን ከእንጀራዋ የሚያስቀር ወንድ» እንዳልባል ፈራሁ። ማን እንደሚለኝ እንኳ አላውቅም፤ ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሁለታችን ነበርን። ስለዚህ «እንደ ፈቀድሽ» አልኩ። ፊቷ ቀዝቀዝ ሲል አይቼ ደግሞ ቶሎ ብዬ «ኮምፒውተር እንገዛለን!» ብዬ ጨመርኩ።

አሮጌው ኮምፒውተራችን ከዚህ ዓለም ጉዳይ ጡረታ የወጣ ነው። ለተ አንድ ቪዲዮ ጨርሳ «አውጣ» ስትለው፣ እሱ ማራገቢያውን እያስጓራ ማሰብ ይጀምራል። እሷ ገበያ ወርዳ፣ ከሐይቁ የመጣ ቆሮሶ ዓሣ ገዝታ፣ ጠብሳ፣ በልተን እጃችንን ስንታጠብ እሱ ገና ግማሽ ላይ ነው። ከዚያ መብራት ይጠፋል።

እቁብ ወጥቶልን ስለነበር ባዶ እጃችንን አልነበርንም፤ ሙሉ ኮምፒውተር ለመግዛት ግን ብሩ አይበቃም። ለተ በስልኳ ቪዲዮ እያየች ዕቃውን ለየብቻ ገዝቶ ራስ መገጣጠም እንደሚረክስ ተማረች። ከዚያ እኔን አስቀምጣ አስተማረችኝ።

«ማዘርቦርድ ማለት ሌላው ሁሉ የሚሰካበት ሰሌዳ ነው» አለች። «ፕሮሰሰሩ አንጎሉ ነው፤ በቦርዱ ላይ መቀመጫ አለው። የሚሠሯቸው ሁለት ኩባንያዎች ናቸው፤ የአንዱ ፕሮሰሰር በሌላው መቀመጫ አይገባም። ራሙ ጊዜያዊ ማስታወሻው ነው፤ እሱም ትውልድ አለው፤ አሮጌው ትውልድ አዲሱ ቦርድ ላይ አይሰካም። ፓወሩ መብራቱን ለሁሉም የሚያከፋፍለው ነው፤ ሁሉንም የሚችል ይሁን። ኬዙ ቆርቆሮ ነው፤ እሱ ላይ ብር እንዳታጠፋ።»

«ገብቶኛል» አልኩ። ገብቶኝም ነበር። የእኔ ችግር አለመረዳት ሆኖ አያውቅም።

«ለምን አብረን አንሄድም?» አለችኝ።

«አይሆንም፣ አንቺ ሱቁን ጠብቂ። ደሴ ላይ የማውቃቸው ሰዎች አሉ» አልኳት።

ምክንያቱ ሱቁ አልነበረም። ለተ ሱቅ ስትገባ እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጣለሁ። «ይኼን አሳየኝ፣ ያንን አውርድልኝ፣ አይ ይኼ አይሆንም» ትልና ምንም ሳትገዛ ደህና ዋል ብላ ትወጣለች። አንድ ጊዜ ባለ ጫማውን መደርደሪያውን ሙሉ አስወርዳው ወጣች። እኔ ሰውየው አሳዘነኝና ተደብቄ ተመልሼ ልኬ ያልሆነ ጫማ ገዛሁ። ጫማው እስከ ዛሬ አልጋ ሥር አለ።

ብቻዬን ደሴ ሄድኩ። ሚኒባሱ ቦሩ ሜዳን ሲያልፍ የተማርኩትን በቃሌ እየደገምኩ ነበር። ደሴ እንደደረስኩ ወደ ኑርዬ ሱቅ አመራሁ። ኑርዬ የኮምፒውተር ዕቃ ይሸጣል፤ ሰርጉን የቀረጽኩለት ወዳጄ ነው።

«ወንድሜዋ! ምነዋ ጠፋህ? ግባ፣ ግባ፣ አሏህ ያምጣህ!» ብሎ ወንበር ጠርጎ አስቀመጠኝ። ሻይ መጣ። የሰርጉን ነገር አነሣን፣ የልጆቹን ነገር አነሣን። በመጨረሻ ጉዳዬን ነገርኩት። ኑርዬ መደርደሪያውን ወደ ላይም ወደ ታችም ሲያይ ቆይቶ አንድ ማዘርቦርድ አወረደና «ይኼ ሸጋ ነው፣ አብሽር» አለኝ። ከየትኛው ፕሮሰሰር ጋር እንደሚሄድ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ሁለተኛ ሻይ መጣ። የሰው ሻይ እየጠጡ የሰውን ዕቃ መጠራጠር ይከብዳል። ለተ «ከመግዛትህ በፊት ደውልልኝ» ብላኝ ነበር፤ ግን ፊቱ ደውዬ ብጠይቅ «አላመነኝም» እንዳይል ብዬ ስልኬን ኪሴ ውስጥ እንዳለ አጠፋሁት። ብሩን ከፈልኩ።

ፕሮሰሰሩንም ከዚያው ልገዛ ነበር። በዚህ መሐል በመስታወቱ በኩል ጋሼ ታረቀኝ ሲያልፉ አየሁ። ጋሼ ታረቀኝ የእናቴ ወንድም ናቸው። ከኑርዬ ሱቅ ዝቅ ብሎ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አላቸው። እኔ አየኋቸው፤ የከፋው ነገር፣ እሳቸውም አዩኝ። የእናቱን ወንድም ሱቅ አልፎ ሁሉንም ነገር ከሌላ የገዛ ሰው ወሬው ከእሱ ቀድሞ ሐይቅ ይገባል። ስለዚህ ለኑርዬ «ሌላውን ሌላ ቀን» ብዬ ወጣሁና ከጋሼ ታረቀኝ ሱቅ ፕሮሰሰርና ራም ገዛሁ። «ይኼ የእህቴ ልጅ ነው» እያሉ በአጠገባቸው ላለፈ ሁሉ ሲያስተዋውቁኝ፣ የያዝኩት ቦርድ የየትኛው ኩባንያ እንደሆነ ማንሣት ብልግና መሰለኝ።

ብሬን እንደ ቅርጫ ሥጋ ለወዳጅና ለዘመድ አከፋፍዬ ስጨርስ የቀረኝ ለኬዝና ለፓወር ነበር። እዚህ ላይ ይሉኝታን ልከስ አልችልም፤ ጥፋቱ የዓይኔ ነው። አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ጎኑ መስታወት የሆነ፣ ቀይ ሰማያዊ አረንጓዴ እያለ የሚያበራ ኬዝ ቆሟል። ፈዝዤ ቀረሁ። ባለ ሱቁ ልቤን አይቶ «ለአንተ ስል ፓወሩን መርቄልሃለሁ» አለኝ። ያገራችን ሰው ምርቃት አይገፋም። አንዲት ፍሬ ቲማቲም እንኳ ተመርቃልኝ አልፌ አላውቅም። ኬዙን አቅፌ፣ ሚኒባስ ውስጥ ለሁለት ሰው ከፍዬ፣ ደረቴን ነፍቼ ሐይቅ ገባሁ።

ለተ ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ ነጠላ አንጥፋ ጠበቀችኝ። ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እያወጣች አስቀመጠች። ቦርዱን አየች። ፕሮሰሰሩን ገልብጣ አየች። እንደገና ቦርዱን አየች። ዝም አለች። ለተ ስትናገር አልፈራትም።

«እንዳለ» አለች በመጨረሻ፣ «ይኼ ፕሮሰሰር ከሥሩ መርፌ መርፌ ነገር አለው። ይኼ ቦርድ መቀመጫው ላይ መርፌ መርፌ ነገር አለው። ሁለቱም ሹል ናቸው። ማን ማንን ያስገባ?»

«ትንሽ ጫን ብንለው...» ብዬ እጄን ስዘረጋ በመፍቻው እጀታ ጣቴን መታችኝ።

«ይኼ የባልና ሚስት ጠብ አይደለም በሽማግሌ የሚፈታ!»

ራሙም አልገባም። ራም ከሥሩ ትንሽ ክፍተት አለው፤ የኛ ክፍተት በአንድ በኩል፣ የቦርዱ ጥርስ በሌላ በኩል ሆነ። ለተ በመጨረሻ የምርቃቱን ፓወር አንሥታ በመዳፏ መዘነችው። «ይኼ ሬዲዮ ያስነሣ ይሆናል» አለች። ደሴ ላይ ሰማይን የሚያስንቅ የነበረው ኬዝ፣ ቤታችን ጥግ ሲቆም ጨለማ ቁም ሳጥን ሆኖ ቀረ። «ብርሃኑ ግን ያምራል» አልኳት።

ማድረግ ያለብኝ ግልጽ ነበር፤ ሄዶ መቀየር። በሳምንቱ ተመልሼ ሄድኩ። ኑርዬ ከሩቅ አይቶኝ «እንዴት ነው ዕቃው?» ሲለኝ፣ እኔ፣ ቦርዱን በፌስታል ይዤ የቆምኩት ሰውዬ፣ «ማሻአላህ፣ ሸጋ ነው!» አልኩት። ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። ፌስታሉን ከኋላዬ ደበቅኩ። ከዚያ ዝም ብሎ መመለስ ስለሚያሳፍር አንድ ኪቦርድ ገዛሁ። ጋሼ ታረቀኝ ዘንድ ደግሞ ምሳ አበሉኝ። የሰውን ጨው በልቶ ዕቃ መመለስ ምን ዓይነት ክህደት ነው? ኪቦርዴን አቅፌ ተመለስኩ። የማይሠራው ኮምፒውተራችን አሁን ሁለት ኪቦርድ ነበረው።

ለተ አልጮኸችም። ኪቦርዱን አየች፣ እኔን አየች፣ ስልኳን አነሣች።

«እትዬ መስኡዳ፣ ደህና ዋሉ። ኮምፒውተሩ አልሆነም። ገና ካለፈ በኋላ እኔው እመጣለሁ።»

ከዚያ ሻንጣዋን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረደችና ልብሷን ማጣጠፍ ጀመረች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ማስተባበያ ስደረድር ቆየሁ። ኑርዬ እንዴት ያለ ደግ ሰው እንደሆነ፣ ጋሼ ታረቀኝ ለእናቴ ቀብር ምን እንዳደረጉ፣ የሰውን ፊት ማየት እንዴት እንደሚከብደኝ፣ በአጭሩ እኔ እምቢ ማለት እንደማልችል ነገርኳት።

«ትችላለህ» አለችኝ፣ ከልብሱ ላይ ዓይኗን ሳታነሣ። «እኔን እምቢ ብለኸኛል። አብረን እንሂድ ስልህ ዓይንህን አላሸህም። ለኑርዬ አፈርክ፣ ለአጎትህ አፈርክ፣ የማታውቀውን ባለ ኬዝ እንኳ አፈርከው። ይሉኝታህ ለሰው ሁሉ ተዳርሶ እኔ ጋ ሲደርስ ነው ያለቀው።»

ወጣሁና ሱቁ ደጃፍ ባለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። የሚያልፈው ሁሉ «እንዴት ዋልክ እንዳለ?» ይለኛል፤ እኔም ለሁሉም «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴን ጠላሁት። «ዝምታ ለበግም አልበጃት፣ አሥራ ሁለት ሆና አንድ ነብር ፈጃት» የሚባለውን ተረት ስስቅበት ነው የኖርኩት። ያን ቀን አላሳቀኝም።

በማግስቱ ጠዋት «ተነሺ፣ አብረን እንሂድ» አልኳት። ትንሽ አየችኝና ነጠላዋን ለበሰች።

ሚኒባሱ ውስጥ ንግግሬን ሳዘጋጅ ሄድኩ። ትሕትና ያለው፣ ለስለስ ያለ፣ ከሰላምታ የሚጀምር ንግግር ነበር። ወርደን ስንሄድ ቀድሞ የሚገኘው የጋሼ ታረቀኝ ሱቅ ነው። ገና ደረጃው ላይ ስወጣ ንግግሬ በሙሉ ጠፋብኝ፤ የቀረችው የመጨረሻዋ ቃል ብቻ ነበረች። እሷም ስትወጣ መጠኗን አልጠበቀችም።

«አልገጠመም!» ብዬ ጮህኩ። «አልፈልገውም! ይመልሱልኝ!»

ማዶ ያለው ባለ ሱቅ ብቅ ብሎ አየ። ጋሼ ታረቀኝ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ምነው ትጮህብኛለህ? ደንቆሮ ነኝ እንዴ?»

«እንዳለ» አለች ለተ፣ ክንዴን ይዛ፣ በዝቅታ፣ «የጋሼ ታረቀኝ ዕቃ እኮ ደህና ነው። ፕሮሰሰሩና ራሙ እርስ በርስ ይስማማሉ። የሚመለሰው ቦርዱ ነው። እዚህ የቆምነው ሰላም ልንላቸው ነው።»

በሕይወቴ የመጀመሪያዋን እምቢታ ምንም ባላጠፉ ሰው ላይ አባከንኳት። ይቅርታ ልጠይቅ ጎንበስ ስል ጋሼ ታረቀኝ ሳቁብኝ።

«አንተ ስትገዛ ቦርድህ የየትኛው ኩባንያ ነው ልልህ ፈልጌ ነበር» አሉ። «ፌስታሉን ይዘኸው ታይቶኛል። 'ከሳቸው ስላልገዛሁ ይመረምሩኛል' እንዳትል ብዬ ነው የተውኩት።» ከዚያ ለመታረቂያ ሻይ አዘዙ። ለተ «አመሰግናለሁ ጋሼ፣ ስንመለስ እንጠጣለን» አለችና ወጣች። እንዲህም ይባላል ለካ! ማንም አልሞተም።

ኑርዬ ዘንድ በሩ ላይ ለተ ወደ ኋላ ቀረች። ሆን ብላ እንደሆነ ገባኝ። ቦርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ወንበር ሲጠርግልኝ አልተቀመጥኩም።

«ኑርዬ፣ ባለፈው ሸጋ ነው ያልኩህ ዋሽቼህ ነው። ቦርዱ ከያዝኩት ፕሮሰሰር ጋር አይሄድም። ሚስቴ በዚህ ምክንያት ከቤት ልትወጣ ነው። ቀይርልኝ።»

ኑርዬ ጭንቅላቱን አከከ።

«ሀቁን ልንገርህ?» አለ። «ወላሂ ያን ቀን የሚሆንህ ቦርድ አልነበረኝም። አንተ የምትለው ዋጋ ላይ ያለው አልቆ ነበር፤ የሰጠሁህ ደግሞ የሚገጥመው ፕሮሰሰር ከገበያ የጠፋ ነው። ሰርጌን የቀረጸልኝን ሰው 'የለም' ብዬ ባዶ እጁን ልሸኘው? አፈርኩ። ከሄድክ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ባለፈው 'ሸጋ ነው' ስትለኝ እንዴት ሠራለት ብዬ ስገረም ነው የከረምኩት።»

ተያየን። ኑርዬ እኔን አክብሮ፣ ጋሼ ታረቀኝ እኔን አክብረው፣ እኔ ሁለቱንም አክብሬ፣ ሦስታችን ተባብረን አንድ ኮምፒውተር ገድለናል።

ከዚህ በኋላ ያለውን ለተ ጨረሰችው። ፕሮሰሰሩን አውጥታ አሳየችው። «ለዚህ የሚሆን መቀመጫ ያለው፣ ራሙን የሚቀበል፣ ከዚህ ዋጋ የማያልፍ» አለችው። ኑርዬ መጀመሪያ ያመጣውን «አይ፣ ይኼ አይሆንም» አለችው፤ እሱም ቅር ሳይለው መለሰው። ከጎረቤት ሱቅ ሌላ አስመጣ። ፕሮሰሰሩን እዚያው ላይ አስቀመጠችው፤ ሳትጫነው ገባ። ከዋጋው ልዩነት የተረፈው ብር ለደህና ፓወር በቃ። ኪቦርዱንም መለሰችለት። እኔ ግድግዳ ግድግዳውን ሳይ ቆየሁ፤ ግን አልወጣሁም።

ኬዙን ብቻ መመለስ አልተቻለም። ባለ ሱቁ «የተሸጠ አይመለስም» ብሎ እጁን አጣምሮ ቆመ። ከዕቃ ሻጮቹ ሁሉ እምቢ ማለት የሚችለው እሱ ብቻ ኖሯል። ቀናሁበት።

በማግስቱ ሱቃችንን ዘግተን ገጠምነው። ገጠምነው ስል እሷ ገጠመች፤ የእኔ ድርሻ የስልኬን መብራት መያዝና ብሎን ማቀበል ነበር። አንድ ብሎን ጣልኩ፤ ጠረጴዛ ሥር ገብቼም አገኘሁት። ስንሰካው ኬዙ በቀይ በሰማያዊ በአረንጓዴ አበራ፤ ስክሪኑም ተከፈተ። ለተ የውጫሌውን ሰርግ እንደገና ሠርታ «አውጣ» አለችው። ውሃ ቀድቼ ስመለስ ጨርሷል። እሷ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማ ነበር።

ለመስኡዳ ላከችላት። ከሰዓት ስልኩ ጮኸ። ለተ እጇ ሥራ ይዞ ስለነበር በድምፅ ማጉያው ከፈተችው።

«ማሻአላህ፣ ለተብርሃን! እንዴት ያለ ሥራ ነው!» አለች መስኡዳ። «ስሚኝ የኔ እህት፣ እንዲህ ያለ እጅ ሐይቅ ተቀምጦ ምን ያደርጋል? ኮምፒውተርሽን ይዘሽው ነይ። እንደተባባልነው ገና ሲያልፍ ጀምሪ፤ ደመወዙን እጨምርልሻለሁ። የተሻለ ኑሮ ነው አሏህ የሰጠሽ።»

ለተ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። ሻንጣዋ እንደታጨቀ ከአልጋው ራስጌ አለ። እኔ ግን እንደ ሞኝ፣ ኮምፒውተሩ ከሠራ ነገሩ ሁሉ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ለካ ያንን ሁሉ ዕቃ የገዛሁት እኔ መናገር ያቃተኝን እሱ እንዲናገርልኝ ኖሯል። እሱ ደግሞ ቪዲዮ ከማውጣት በቀር ሌላ አያውቅም። ለተ አሁንም እያየችኝ ነው። ጥሩው መልስ፣ የተመሰገነው ባል መልስ፣ ምላሴ ላይ ነበር፤ ዋጥኩት።

«እኔ እንድትሄጂ አልፈልግም» አልኩ። ድምፄ ጋሼ ታረቀኝ ደጃፍ ላይ እንደሆነው ሁሉ ልክ አልነበረውም። «ልሂድ ካልሽ ሻንጣሽን ተሸክሜ አደርስሻለሁ፣ አልከለክልሽም። ግን አልፈልግም። መጀመሪያ የደወሉልሽ ቀንም አልፈለግኩም። አንቺ የሌለሽበት ቤት መግባት እፈራለሁ።»

ለተ ከያዘችው ሥራ እጇን አነሣች።

«ማነው እሱ?» አለች መስኡዳ።

«ባለቤቴ ነው፣ እትዬ መስኡዳ።»

«ሰማሁት።»

«እኔም ገና ዛሬ መስማቴ ነው» አለች ለተ። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። «ሥራውን ወደዚህ ይላኩልኝ።»